በትርፏ ወር የተሰፋ ልብስ

ጆንጁ፣ ሰኞ ጃንዋሪ 19 ቀን 2026

ለቦራም አባት፣

ጤናህ እንዴት ነው? ባሕሩስ? ስልክ አታነሳም፤ ብታነሳም «እ» ብለህ ትዘጋዋለህ። ስለዚህ በወረቀት ልጽፍልህ ቆረጥኩ። ወረቀት ሰው ጆሮ ላይ አይዘጋም። ወንድምህ ከፍቶ ቢያነበውም ግድ የለኝም። አራት ወር ሙሉ ቤቱ ሲያስጠጋህ፣ ለምን እንደሄድክ ግማሹን እንኳ እንዳልነገርከው እርግጠኛ ነኝ።

«ዙሪያ ጥምጥም ትሄዳለች» እንዳትለኝ ዋናውን አስቀድማለሁ። የቦራም እጮኛ የጄሁክ አባትና እናት ቅዳሜ ከዴጉ መጥተው ነበር። የልጅህ ሠርግ ለኤፕሪል ቀን ተቆርጦለት ነበር። ከቅዳሜ ወዲህ ግን እንጥልጥል ላይ ነው። ያንጠለጠልከው አንተ ነህ፤ አንተና ኋላ ክፍል ትተኸው የሄድከው ሣጥን።

የቅዳሜን ውሎ ትናንት በማስታወሻ ደብተሬ በሰዓት በሰዓቱ አስፍሬዋለሁ። አሁን ከዚያ እየገለበጥኩ ነው የምጽፍልህ፤ «አጋነንሽው» ማለት አትችልም።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ባቡሩ ገባ። ብርዱ ከዜሮ በታች ስምንት፣ በረዶው እስከ ቁርጭምጭሚት። ቦራምና ጄሁክ ከሴኡል ቀድመው ደርሰው ነበር። የጄሁክ እናት አጭር፣ ደንዳና፣ ሠላሳ ዓመት ዶሮ ስትጠብስ የኖረች ሴት ናት፤ ስትጨብጥህ ጣትህን ቆጥረህ ነው የምትቀበለው። አባትየው ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። «ከሾፌሩ ጋር ማውራት ክልክል ነው» የሚለውን ማስታወቂያ እስከ ዛሬ የሚያከብር ይመስለኛል። ጎንበስ ብሎ ሰላም ካለኝ በኋላ እስከ ምሳ ድረስ ከአፉ የወጣውን በአንድ እጄ ጣት ቆጥሬዋለሁ።

ፊታቸው በብርድ ስለቀላ ጣቢያው አጠገብ ካለው የአኩሪ አተር ቡቃያ ሾርባ ቤት አስገባኋቸው። ሾርባው እየተንፈቀፈቀ መጣ።

«ይሄ ብቻ ነው?» አለች ሴትዮዋ ጎድጓዳውን ሳህን እያየች።

«የሰከረ ይነቃበታል፣ የበረደው ይሞቅበታል» አልኳት።

«እኛ ዴጉ ሾርባ ውስጥ ሥጋ እንጨምራለን።»

«እኛ ደግሞ ጣዕም እንጨምራለን።»

ቦራም ከጠረጴዛው ሥር ረገጠችኝ። ሴትዮዋ ግን ሳቀች፤ ሳህኑንም እስከ ታች ጠጣችው። ከዚያ አፏን ጠርጋ ስፈራው የነበረውን ጥያቄ አመጣችው።

«የቦራም አባትስ?»

«ዋንዶ ደሴት ናቸው። ወንድማቸው ወገቡን አሞት፣ የባሕር ቅጠል መሰብሰቢያው ወቅት ደግሞ አሁን ነው።»

«ለአንድ ቀን እንኳ አይመጡም? ልጃቸውን ልንጠይቅ መጥተን?»

«ባሕር ቅዳሜና እሑድ አያውቅም» አልኳት። እስቲ አስበው። የወንድምህን ደህና ወገብ በገዛ አፌ የሰበርኩት ለአንተ ብዬ ነው። ቦራም ዓይኗን ሾርባው ላይ ተክላ ቀረች። ይህችን ልጅ መዋሸት አላስተማርናትም ነበር፤ አሁን ስለምትችልበት ማን እንዳስተማራት አንተው አስብበት።

ከሾርባው በኋላ ሴትዮዋ የባህል ልብሳችንን ሀንቦክ ለብሳ በአሮጌው ሰፈር ፎቶ መነሳት እንደምትፈልግ ተናገረች። ሀንቦክ የማከራይ ባለሱቅ ነኝና ደስ አለኝ፤ ለሠርጉም ልኳን በዚያው እወስዳለሁ ብዬ አሰብኩ። ሱቅ አስገብቼ ምድጃውን አቀጣጠልኩና የሰማያዊውን መደርደሪያ ከፈትኩላት። የሙሽራው እናት ሰማያዊ፣ የሙሽሪት እናት ሮዝ እንደሚለብሱ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል። እሷ ግን መደርደሪያዬን ትታ ሄዳ ሮዙን ጎተተች።

«ይሄ ነው» አለች።

«የጄሁክ እናት፣ ሮዙ የእኔ ነው። የእርስዎ ሰማያዊ ነው።»

«ሰማያዊ ሠላሳ ዓመት ያገለደምኩት ሽርጥ ነው። ዘይት ሲረጭበት ኖሯል። ሌላ ነገር ልልበስ።»

«ለፎቶው ይልበሱት። ለሠርጉ ግን አይሆንም።»

«ለሠርጉም እፈልገዋለሁ። እርስዎ ሱቅ ሙሉ ሮዝ አለዎት፤ ለአንድ ቀን ለእኔ ቢለቁት ምን ይጎድልብዎታል?»

«ሠርጉ ሲከፈት ሁለታችን እናቶች ሻማ ልናበራ አብረን ስንወጣ እንግዳው ማንን የማን እናት ብሎ ይወቅ?»

«መልኬን አይቶ ይወቅ! ጄሁክ እኔን አይደል የሚመስለው?»

ጄሁክ ካሜራውን እያገላበጠ ያልሰማ መሰለ። እኔም በሆዴ አንድ ሁለት እያልኩ እስከ አሥር ቆጠርኩና የኪራዩን ሮዝ ጃኬት አለበስኳት። ደረቷን እየዳበሰች ዞረች።

«ማሰሪያ ጥብጣቡ የታል?»

«እሱ ጌጥ ነው። ጠቅ የምትለዋን ቁልፍ ይጫኗት፣ ያልቃል። ቱሪስት ማሰር አይችልም።»

«እኔ ቱሪስት ነኝ? እናቴ ጥብጣብ ማሰር ያስተማረችኝ ለዚህ ነው? ይሄማ እኮ የዝናብ ልብስ ነው!»

ደስ አይበልህ። ወሬው ከሌላ ሰው እንዳይደርስህ ብዬ ነው የምጽፈው። ባለፈው ሴፕቴምበር በእጅህ የሰፋሃቸውን አርባ ሁለት ጃኬቶች ማሰሪያቸውን ቆርጬ ያቺን ቁልፍ ሳደርግባቸው መቀስህን ብቻ ይዘህ ወጣህ። ያን ቀን ያልኩህን ዛሬም እላለሁ፦ ቁልፏ ባትኖር ሱቁ እስካሁን የስልክ መሸጫ ሆኖ ነበር። ግን ሴትዮዋ «የዝናብ ልብስ» ስትል ያንተ ድምፅ የመጣ መስሎኝ ወደ በሩ ዞርኩ። ይህንንም ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ።

አሁን ወደ ጥፋቱ እመጣለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። እኔና እሷ በጥብጣብ ስንጨቃጨቅ አባትየው ለፎቶው በለበሰው ስስ የኪራይ ልብስ ምድጃው አጠገብ ቆሞ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ይበርዳል» አለ።

«ኋላ ክፍል ወፍራም ካፖርት አለ፤ ገብተው ይልበሱ» አልኩት፣ ፊቴን እንኳ ሳላዞር። መስቀያው ላይ ያለውን ማለቴ ነበር። ሣጥንህን እኔ አራት ወር ሙሉ አልነካሁትም፤ የሄደው ሰው መጥቶ ይክፈተው ብዬ ትቼዋለሁ። እሱ ግን የመስቀያውን አላየም። ሣጥኑን ከፈተ።

ሲወጣ ሻካራ፣ ቢጫማ፣ ያልተቀለመ የቃጫ ካባ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ለብሷል። እጆቹ ላይ ሁለት ከረጢቶች አጥልቋል፤ ጓንት መስለውት ነው። የሙታን እጅ መሸፈኛ ናቸው! ፊቱ በደስታ በርቷል።

«ይሄ ነው ልብስ» አለ። «በልኬ ነው። ጓንትም አለው።»

ጄሁክ ካሜራውን አንስቶ ቀጭ አደረገው። የዘመኑ ልጆች የት አይተውት ያውቁታል? የሬሳ ልብሱን ሆስፒታሉ በላስቲክ ጠቅልሎ ያቀርባል። እናቱ ግን ዞር ስትል አየችው።

«አውልቅ!» አለች። «በቁምህ መግነዝ ለብሰህ! አውልቅ አልኩህ፣ አንተ ሰውዬ!»

«ይሞቃል» አለ።

«ይሞቃል ይለኛል! ለልጁ ሚስት ሊጠይቅ መጥቶ በመግነዝ ይሞቃል!»

ቦራም አፏን በሁለት እጇ ያዘች። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ሳያት ሳቋን ነው ስታፍን የነበረው፤ ከዚያ ግን እውነትም አለቀሰች። እኔ አንድ ነገር ብቻ አሰብኩ፦ ይህች ሴት አሁን ከወጣች ጋብቻው አብሯት ይወጣል። ጠጋ ብዬ ካባውን ከሰውየው ትከሻ ሳወርድ፣ እንደ ልማድህ ከገበሩ ጋር በመርፌ ያያያዝካትን ወረቀት አየሁ። ጮክ ብዬ አነበብኳት፦ «ትርፍ ስድስተኛ ወር። ግዋክ ዎንሺክ።»

«እንኳን ደስ ያለዎት» አልኳት። «በትርፏ ወር ነው የተሰፋው። በጨረቃ አቆጣጠር ከአሥራ ሁለቱ ወር ውጪ ስለሆነች መናፍስት የማይጠብቋት ወር ናት። በእሷ የተሰፋ መግነዝ ለባለቤቱ ዕድሜ ይጨምራል። በቁሙ የለበሰው ደግሞ አሥር ዓመት ይመረቅለታል።»

የመጨረሻዋን የፈጠርኳት እኔ ነኝ። ሰውየው አመነ። እሷ ግን ሠላሳ ዓመት ሸጣለች፤ የሻጭን አፍ ታውቃለች።

«ግዋክ ዎንሺክ የሚሉት ማን ነው?» አለች።

«ባለቤቴ።»

«ባለቤትዎ የራሳቸውን መግነዝ ሰፍተው ከጨረሱ በኋላ ባሕር ወረዱ?»

«ምሳ ይቀዘቅዛል» አልኩ። በሕይወቴ እንዲህ የደከመ ነገር ተናግሬ አላውቅም።

ስምንት ሰዓት ላይ ለሁለቱ ቤተሰብ መተዋወቂያ ምግብ ቤት ያዘዝኩት ማዕድ ዙሪያ ተቀመጥን። ሃያ ሁለት ሳህን። በሌላ ቀን ቢሆን ሴትዮዋ «የትኛው ነው ዋናው ምግብ?» ብላ ባሾፈችብኝ፣ እኔም መልሱ ነበረኝ። ቅዳሜ ግን የአንተን ቦታ ታይ ነበር። አንድ ምንጣፍ ባዶውን ተነጥፏል፤ አስተናጋጇ አምስት ሰው ስላት ስድስት መስሏት ነው። ሴትዮዋ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«የቦራም እናት፣ በግልጽ እንነጋገር። ሞተዋል?»

«ማን?»

«ባለቤትዎ። ወይም ደግሞ በጽኑ ታመው ሊሞቱ ነው፤ ሠርጉ እንዳይበላሽ ደብቃችሁናል። መግነዙ ተዘጋጅቷል፣ ሰውየው የለም፣ ልጅቷ ታለቅሳለች። እኔ ሞኝ አይደለሁም።»

«እማማ!» አለ ጄሁክ።

«አንተ ዝም በል፤ ፎቶ አንሺ!»

ቦራምን አየኋት። ፊቷ እንደ ሩዙ ነጭ ሆኗል። ሴትዮዋ እውነቱን እንዳትሰማ ብዬ ሌላ ውሸት ልጨምር ነበር፤ ተዘጋጅቶልኛል፤ ዋንዶ፣ ሐኪም ቤት፣ ወገብ፣ ሁሉንም አስተካክዬዋለሁ። ግን ደከመኝ። አንተን እየሸጥኩ መኖር ደከመኝ።

«አልሞተም» አልኳት። «ቢሞት ለማስረዳት ይቀለኝ ነበር። ትቶኝ ሄዷል።»

ይህን ቃል ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። ለቦራም እንኳ «አባትሽ ዋንዶ ነው» ነበር የምላት። ከአፌ ሲወጣ ሃያ ሁለቱም ሳህን የሰሙት መሰለኝ። የጥብጣቡን ነገር፣ የመቀሱን ነገር፣ አንድም ሳልሸራርፍ ነገርኳት። ስጨርስ ሴትዮዋ በቾፕስቲኳ ከዓሣው ሆድ ጥሩውን ቁራጭ ለይታ ሩዜ ላይ አስቀመጠችልኝ።

«ይብሉ» አለች። «ሲበሉ አላየሁም።»

በላሁ። ከዚያ ቁርጡን ነገረችኝ፤ ቃል በቃል ነው የምጽፍልህ፦

«የሞተ አባት ቢሆን ይቅር እል ነበር፤ ወንበሩን ባዶ ትተን ሠርጉን እናደርገዋለን። በሕይወት እያለ የማይመጣ አባት ግን አልቀበልም። ባል ሲቆጣ ወጥቶ መቅረት ከለመደበት ቤት ልጄ ምን ይማራል? ከጨረቃ አዲስ ዓመት በፊት ባለው ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 14፣ ተመልሰን እንመጣለን። ሰውየው እዚህ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ለባሌ አንድ ጽዋ ከቀዱለት ሠርጉ በቀኑ ይሆናል። ካልሆነ በእኔ በኩል የለም።»

ጄሁክ ያለእናቱ ፈቃድ አገባታለሁ ሊል አፉን ሲከፍት ቦራም ክንዱን ያዘችው። ማታ ቤት ዕቃ ሳጥብ እየረዳችኝ «እማዬ፣ ያለ አባዬ ሠርግ አዳራሽ አልገባም» አለችኝ። «የጄሁክ እናት ባትልም አልገባም ነበር።» ከዚህ በላይ ልገልጽልህ አልችልም። ልጅህ ናት፤ እሷም እንዳንተ አትደግምም።

ባቡሩ ሲመጣ አባትየው ከመሳፈሩ በፊት ወደ እኔ ተመለሰ። ጎንበስ አለና «ሰፊው ሰው ነው» አለኝ። «ስፌቱን አይቼዋለሁ። እንዲህ የሚሰፋ ሰው ቁጡ ቢሆንም ሰው ነው።» የቀኑ ረጅሙ ንግግሩ ይኸው ነበር። ሚስቱ ከመስኮቱ ሆና ደረቷን እያሳየች «ማሰሪያ ያለው! ሮዝ!» ብላ ጮኸችብኝ።

እኔም እሺ አልኳት። ሮዙን ለቀቅኩላት፤ እኔ ሰማያዊ ብለብስ አልሞትም። ልኳን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። ትከሻዋ ሰፊ ነው፣ ቀኝ ክንዷ ከግራው ይወፍራል፤ የመጥበሻ ክንድ ነው። በእጅ የሚሰፋ፣ ጥብጣብ የሚታሰር ጃኬት ከተማችን ውስጥ የሚሠራ ሌላ ሰው አላውቅም። ቢኖርም አልጠይቀውም። ትዕዛዝ ተቀብያለሁ፤ የተቀበልኩትን ትዕዛዝ ሳላደርስ ቀርቼ አላውቅም። ሁለት ሳምንት ይፈጅብሃል ብዬ ቆጥሬአለሁ፤ ስለዚህ እስከ ጃንዋሪ 31 ድረስ መድረስ አለብህ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ልተወው ብዬ ነበር፤ ደብተሬ ላይ ግን ስለጻፍኩት ከአንተ መደበቁ ትርጉም የለውም።

እሑድ ጠዋት ካባውን አጥፌ ልመልስ ሣጥኑ ዘንድ ሄድኩ። ከሥሩ ሁለተኛ መግነዝ አለ። ወረቀቷ ላይ ስሜ ተጽፏል፦ «ማ ኦክሱን»። ባለፈው ክረምት፣ ዝናቡ ሳያባራ፣ ለኪራይ ያስመጣኋቸው የፋብሪካ ልብሶች ከመጡ ጀምሮ አኩርፈህ ኋላ ክፍል በር ዘግተህ ስትውል፣ እኔ ደንበኛ ፊት ልታሳፍረኝ ነው እያልኩ በር እያላተምኩ አልፍ ነበር። ለካ የኔን መግነዝ ነው የምትሰፋው። ሰው ይቆጣ ወይስ ያመስግን? ሠላሳ አራት ዓመት አብሬህ ኖሬ አንድ ነገር ደህና አድርገህ አታስረዳኝም!

ሁለቱንም መስኮት አጠገብ ዘርግቼ ስፌታቸውን በጣቴ ተከተልኩ። መግነዝ ክሩ እንደማይቋጠር አንተው ነህ ያስተማርከኝ፤ ቋጠሮ ካለበት ሟቹ ይያዛል፣ መንገዱን አይሄድም ብለህ። የአንተን ከአንገት እስከ ጫፍ አየሁት፤ አንድም ቋጠሮ የለውም፤ ክሩ እንደ ውኃ ይሄዳል። የእኔን ሳይ ግን ከአንገትጌው ውስጥ፣ ዓይን የማያየው ቦታ፣ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል አንዲት ቋጠሮ አለች።

በአርባ ዓመት ሥራህ ስህተት አይቼብህ አላውቅም። ስህተት ከሆነ መጥተህ ፍታው፤ በቋጠሮ ተይዤ መቅረት አልፈልግም። ስህተት ካልሆነ ደግሞ መጥተህ ንገረኝ። በደብዳቤ አትጻፍልኝ፤ ጽሕፈትህ አይነበብም። በስልክም «እ» ብቻ ትለኛለህ።

ለቁልፎቹ ይቅርታ አልጠይቅም። ለሴፕቴምበሩ ቀን ግን፣ አንተ ቤት ሳትኖር ጠብቄ መቁረጤ፣ እሱ የነጋዴ ሥራ አልነበረም። ይህንንም አንዴ ብቻ ነው የምጽፈው።

በል፤ ባሕሩ ይራራልህ፣ ነፋሱ ከጀርባህ ይሁን። ወፍራም ጓንት አድርግ፤ በተሰነጠቀ ጣት ሐር አይያዝም። ለወንድምህም ለሚስቱም ወገባቸው እንዲጸና እመኛለሁ፤ አንዱን በምላሴ ሰብሬዋለሁና የቀደሙ አባቶች ይጠግኑለት።

የቦራም እናት
ማ ኦክሱን

የረሳሁት፦ ከዋንዶ በጠዋቱ ተነስተህ ጓንግጁ ከቀየርክ ስምንት ሰዓት ላይ እዚህ የሚገባ አውቶቡስ አለ። ጃንዋሪ 31 እኔም እዚያው መናኸሪያ አካባቢ የሆነ ጉዳይ አለኝ። የስምንት ሰዓቱ ካመለጠህ የአሥራ አንድ ሰዓቱም አለ፤ ጉዳዬ ረጅም ነው።